የልጅ ልጄ ምን እንደምትማር ለጠየቃችሁኝ ሁሉ

ገንዳ ውሃ ላይ ለጥያቄ የሚሰጥ መልስ አጭር መሆን አለበት። ሙቀቱ ረጅም መልስ አይወድም። በተለይ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ራኩባ በምንለው ዳስ ሥር ተቀምጦ ላቡን የሚጠርግ ሰው «የልጅ ልጅህ ምን ሆነች?» ቢል፣ «ሐኪም»፣ «ነርስ»፣ «ነጋዴ» ይባልለታል፤ ራሱን ነቅነቅ አድርጎ ፊቱን ወደ ጀበናው ይመልሳል። የደላላ አያት እንኳ በአንድ ቃል ይገላገላል። ተጠይቄ ውሃ ጠጥቼ መልስ የምጀምር እኔ ብቻ ነኝ።

«ታሪክና ቅርስ አስተዳደር ነው የምትማረው» እላለሁ።

«ታሪክ? አስተማሪ ልትሆን ነዋ!»

«የለም፣ ቅርስም አለበት።»

«እንግዲያ ሙዚየም ጠባቂ ናት።»

«የለም፣ አስተዳደርም አለበት።»

«እሰይ! አስተዳዳሪ ልታወጣልን ነው!»

እዚህ ላይ ዝም እላለሁ። ገና አንትሮፖሎጂውን፣ አርኪዮሎጂውን፣ ቱሪዝሙን አልነገርኳቸውም። ለሁለተኛ ዲግሪ ደግሞ ፎክሎር ልቀጥል ትላለች። ፎክሎር ማለት፣ እሷ እንዳስረዳችኝ ከሆነ፣ እኔ እዚህ ራኩባ ሥር ተቀምጬ የማወራው ወሬ ነው። እኔ ሳወራው ሥራ ፈት እባላለሁ፤ እሷ ስትጽፈው ማስተርስ ይሰጧታል።

ሰነፍ ብትሆን ኖሮ እኔም ዝም ባልኩ። ችግሩ ጎበዝ መሆኗ ነው። የተፈተነችው የ12ኛ ክፍል ፈተና በየዩኒቨርሲቲው ግቢ መሰጠት በጀመረበት በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ነው። ያን ፈተና የሚረሳ የለም። ወደ 900 ሺህ ከሚጠጋው ተፈታኝ ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶው ብቻ ነበር። አገር ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ሳለ እኛ ቤት በግ ታረደ። ከመቶ ሦስቱ ብቻ ባለፉበት ያለፈች ልጅ ምን ትመርጣለች? ሕግ ነዋ! እኔ ከአንድ ጎረቤቴ ጋር የእርሻ ድንበር ክርክር አለብኝ፤ ክርክሩ በዕድሜ ልጅቷን ይበልጣታል። ጠበቃ ከገዛ ቤቴ ሊወጣልኝ ነው ብዬ ወረቀቱን ሁሉ አሰባስቤ ነበር። የምርጫ ፎርም ሲመጣ አንደኛ ምርጫዋ ላይ ታሪክና ቅርስ አስተዳደር ብላ ሞላች። ባላንጣዬ ይህን የሰማ ዕለት ቡና ጋብዞኛል።

ለነገሩ ጥፋቱ የተጀመረው ቀደም ብሎ፣ 11ኛ ክፍል ላይ ነው። ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ መንግሥት ዩኒቨርሲቲ ከሚገባ መቶ ተማሪ ሰባው ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ ሠላሳው ማኅበራዊ ሳይንስና ሥነ ሰብእ ይማር ሲል ሰምቼ «ይሄስ ደግ ሐሳብ ነው» ብዬ ነበር። ሰባው ውስጥ ግቢ አልኳት። ሠላሳው ውስጥ ገባች። «ሰው በሚጋፋበት ምን አደርጋለሁ አባባ?» አለችኝ። ሰው የሚጋፋውኮ እህል ያለበት ቦታ ነው!

የመጀመሪያው ዓመትማ ለብቻው ጉድ ነው። በ2012 ዓ.ም. የመጀመሪያ ዲግሪን ከሦስት ዓመት ወደ አራት መልሰው፣ ፍሬሽማን የሚሉትን የጋራ ዓመት እንደ ጥንቱ አመጡት። የተፈጥሮ ሳይንሱም የማኅበራዊውም ተማሪ ከሁሉም ይቀምሳል። ስልክ ደውዬ «ዛሬ ምን ተማርሽ?» ስላት አንድ ቀን ሳይኮሎጂ፣ ሌላ ቀን የአፍሪካ ቀንድ ጂኦግራፊ፣ አንድ ቀን ኢኮኖሚክስ፣ ሌላ ቀን አንትሮፖሎጂ ትለኛለች። አንድ ጊዜማ ስፖርት ሠርተን መጣን አለችኝ። ስፖርት! እኛ ቤት ውሃ ቅጂ ስትባል ወገቤን የምትል ልጅ ለመሮጥ ጎንደርን አቋርጣ ሄደች።

ከሁሉ የከፋው ግን ሎጂክና ክሪቲካል ቲንኪንግ የሚሉት ኮርስ ነው። መንግሥት በጀት መድቦ፣ መጽሐፍ አዘጋጅቶ፣ ልጆችን ከአያቶቻቸው ጋር ለክርክር ያሠለጥናል። ለዕረፍት ስትመጣ እንደ ወትሮዬ ልመክራት ጀመርኩ። «እኔ ብዙ ያየሁ ሰው ነኝ፤ የምልሽን ስሚ» አልኳት። «አባባ፣ ዕድሜ ማስረጃ አይሆንም፤ ይሄ ፋላሲ ይባላል» አለችኝ። «ያች የታችኛው ሰፈር ልጅ ታሪክ ተምራ ይኸው ቤት ተቀምጣለች» አልኩ። «በአንድ ሰው ሁሉንም መፍረድ የችኮላ ድምዳሜ ነው» አለች። በመጨረሻ የቀረችኝን ተኮስኩ፦ «ይሁን፣ እኔ ስሞት ይገባሻል!» በእኛ ዘመን ከዚህ በኋላ የሚናገር ልጅ አልነበረም፤ እግር ስሞ ይወጣ ነበር። እሷ ግን ሳቋን እያፈነች «ይሄማ አዘኔታ መለመን ነው፤ እሱም ፋላሲ ነው፤ ምዕራፍ አለው» አለች። ባለቤቴ ከጓዳ ሆና «እውነቷን ነው» አለቻት። ባለቤቴ ሎጂክ አልተማረችም፤ ከእኔ ጋር በመኖር ብቻ ነው የደረሰችበት።

እኔ ዕድሜዬን የጨረስኩት ሰሊጥ ላይ ነው። ምርት ገበያ ሳይመጣም ሆነ ከመጣ ወዲህ አንድ ያልተለወጠ ሕግ አለ፤ ሰሊጥ ሰሊጥ ብቻ መሆን አለበት። ናሙና ወሳጁ ከጆንያው ዘግኖ ያያል። ጠጠር፣ ገለባ፣ የሌላ እህል ፍሬ ካገኘበት «ባዕድ ነገር» ብሎ ይመዘግባል፤ ደረጃው ይወርዳል፣ ዋጋው ይከተለዋል። የአንቺም ትምህርት እንዲህ ነው አልኳት። ትንሽ ታሪክ፣ ትንሽ ቱሪዝም፣ ትንሽ ቁፋሮ። ማን፣ በስንተኛ ደረጃ ይረከብሻል?

«እኔ ሰሊጥ ነኝ እንዴ አባባ?»

«ሰሊጥማ ብትሆኚ ዋጋሽ ይታወቅ ነበር።»

ያን ዕለት ማታ እራት ላይ ወጡ አነሰብኝ። ማን እንዳሳነሰው አልጠየቅሁም።

ታዲያ የእኛ ዘመን ትምህርት መያዣ መጨበጫ ነበረው። እኔ ዳዊት ደግሜ ዜማ ጀምሬ ነበር፤ ከዚያ የመንግሥት ትምህርት ቤት ወሰደኝ እንጂ። ድጓ የሚፈልግ ቤተልሔም ይሄዳል፤ ዝማሬ መዋሥዕት የሚሻ ዙር አባ ይወጣል፤ ለቅኔ ዋሸራ ወይም ጎንጅ፣ ለአቋቋምና ለትርጓሜ ጎንደር። ከየቦታው የጠራ ነገር ይዞ ይወጣል። ይህን እያጣጣምኩ ስነግራት ደብተር አወጣችና ትጽፍ ጀመር። መጻፏ ደስ አለኝ። መጥፎ ምልክት እንደሆነ ማወቅ ነበረብኝ።

«እና አባባ፣ ይሄ አራቱንም ቦታ የዞረው ሰው ምንድን ነው የተማረው?»

«እንዴት ምንድን ነው?»

«ዜማ ተምሯል። ግጥም ተምሯል። ሰዋስው ተምሯል። መጻሕፍት ቤት ሲገባ ፍትሐ ነገሥትና የዘመን ቆጠራ ሳይቀር ነክቷል። መምህሩን ራሱ መርጦ፣ ቦታውን ራሱ መርጦ፣ አኩፋዳውን ይዞ በእግሩ እየዞረ። ዲፓርትመንቱ የቱ ነው?»

«ዲፓርትመንት ባይኖረውም መጠሪያ አለው! መሪጌታ ይባላል!»

«እኔንም መሪጌታ ይበሉኛ።»

ሴት ልጅ ብዬ ልጀምር ስል እማሆይ ገላነሽ ሐዲስን አመጣችብኝ፤ ዓይናቸው ሳያይ ጎጃም ላይ ስንቱን የቅኔ ተማሪ ያወጡትን እናት። እኔም የቅኔ ነገር ሲነሣ ልቤ ይራራል፤ ያን ቀን ክርክሩን እዚያው ላይ አቆምኩት። የተሸነፍኩ ግን እንዳይመስላችሁ።

በማግስቱ የገዛ አገሬን መተማን ይዛብኝ መጣች። አፄ ዮሐንስ በ1881 ዓ.ም. ከደርቡሽ ጋር ተዋግተው የወደቁበትን ቦታ እኔ ነኝ ለእሷ ያሳየኋት። እሷ ደግሞ ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ከወደቁት ውስጥ ባይከዳኝ የሚባሉ ሰው እንደነበሩ ነገረችኝ። የእሳቸው ልጅ ገብረ ሕይወት አባቱን በሕፃንነቱ አጥቶ አደገ፤ ከምጽዋ በመርከብ አውሮፓ ተሻገረ፤ ጀርመን አገር ሕክምና አጠና። ታዲያ ተመልሶ መርፌ ወጋ? አልወጋም! ስለ ንግድ፣ ስለ ቀረጥ፣ ስለ ገንዘብ ጻፈ፤ የባቡሩ ተቆጣጣሪ፣ ኋላም የድሬዳዋ ነጋድራስ ሆነ። «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የሚለው መጽሐፉ ከሞተ በኋላ በ1916 ዓ.ም. ታትሞ ይኸው የኢኮኖሚ ሊቃውንት እስከ ዛሬ ይጠቅሱታል።

«ሐኪም ነበር ወይስ ኢኮኖሚስት? ወይስ ጉምሩክ?» አለችኝ።

«መልካም ነው፤ መጀመሪያ ሕክምናውን ተማሪና ከዚያ የፈለግሽውን ጻፊ» አልኳት። ይህ መልስ ፋላሲ አልተባለም። እኔም መዝግቤዋለሁ።

እሷ ግን ምሳሌ ታከማቻለች። አፈወርቅ ተክሌ የማዕድን ምህንድስና እንዲያጠና እንግሊዝ ተልኮ ሥዕል ተምሮ ተመለሰ አለችኝ። ጸጋዬ ገብረ መድኅን የሕግ ዲግሪውን ይዞ ቴአትር ገባ አለችኝ። አውቃለሁ፣ አውቃለሁ። አገር የሚያውቀውን ሰው ስም ጠርቶ መከራከር ቀላል ነው። የአፈወርቅን አያት ግን ጠርቶ የጠየቃቸው አለ? ሰውየው የሜትር አርቲስት ማዕረግ እስኪያገኝ ድረስ ራኩባ ሥር ምን እያሉ እንደመለሱ ማን ያውቃል?

ውጭ አገርም እንዲህ ነው ትለኛለች። አሜሪካ ውስጥ ብራውን የሚባል ትልቅ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1969 ተማሪዎቹ ጠይቀው፣ ከዋናው ሙያቸው ውጪ የነበሩት የግዴታ ኮርሶች ተነሥተውላቸው ትምህርታቸውን ራሳቸው እየመረጡ ይማራሉ። እኔ የዚያን ዘመን ተማሪ አስታውሳለሁ። የእኛዎቹ «መሬት ለአራሹ» እያሉ ዱላ ይቀምሱ ነበር። ለካ በዚያው ወራት የነዚያኞቹ ጥያቄ «ኮርስ ለተማሪው» ኖሯል።

ያን ጊዜ ካነሣሁ አይቀር፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት ጠቅላይ ግዛት ወርደው ያገለግሉ ነበር፤ ከ1957 ዓ.ም. የጀመረ ነው። እኔን ጎንደር ላይ ያስተማረኝ አንዱ ጂኦግራፊ ያስተምራል፤ የእንግሊዝኛው መምህር ሲቀር እንግሊዝኛ ያስተምራል፤ ከሰዓት በኋላ እግር ኳስ ያጫውታል፤ ቅዳሜ ቴአትር ያስጠናል። ናይልን፣ አትባራን፣ የእኛን ቆላ በጠመኔ የሳለበት ሰሌዳ አሁንም ከዓይኔ አልጠፋም፤ ሰሊጥና ጥጥ ወደዚህ አገር ይስበኝ የጀመረው ከዚያ ሰሌዳ ይመስለኛል። ምን ተመርቆ እንደነበር ግን እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ያኔ ልጅ ሆነን መምህርን ዲፓርትመንት መጠየቅ የሚባል ነገር አልነበረም። ሱሪው ቦላሌ ነበር፤ እሱ ትዝ ይለኛል። ይህን ለልጅቷ አልነገርኳትም። ለእሷ ክርክር የሚጠቅም ነገር ለምን ልንገራት?

ወደ ዋናው ልምጣ፤ ወደ እንጀራው። ገንዳ ውሃ የዞን ከተማ ከሆነ ወዲህ የማስታወቂያ ሰሌዳው በዝቷል። እኔም ልጅቷ ሳትመረቅ ሰሌዳ ማንበብ ጀመርኩ፤ መነጽሬን ዓይኔ ላይ እሰካና ከክፍት የሥራ መደቡ ሥር «የትምህርት ዝግጅት» የሚለውን እፈልጋለሁ። አካውንቲንግ ሞልቷል። ማኔጅመንት ሞልቷል። አንድ ቀን ግን «በታሪክ፣ በቱሪዝም ማኔጅመንት ወይም በተዛማጅ» የሚል አገኘሁ። ስሙን ወደማልጠራው መሥሪያ ቤት ገባሁና የሰው ሀብቱን ልጅ አናገርኩት። ጨዋ ልጅ ነው፤ ተነሥቶ ወንበር ሰጠኝ። ዝርዝሩን አወጣ።

«አባቴ፣ ታሪክ አለ። ቱሪዝም አለ። ታሪክና ቅርስ አስተዳደር...» ገጹን ገለጠ፤ መልሶ ገለጠ። «በዚህ ስያሜ የለም።»

«ተዛማጅ ይላል እኮ ልጄ። ታሪክ ከታሪክ ጋር ካልተዛመደ ከምን ጋር ይዛመዳል?»

«ተዛማጅ ለመሆኑ ደብዳቤ ያስፈልጋል።»

«ማን ይጽፈዋል?»

«የሚመለከተው አካል።»

እኔ በሕይወቴ ብዙ አይቻለሁ። ጉምሩክ አይቻለሁ፣ ኬላ አይቻለሁ፣ በእድገት በኅብረት ዘመቻ ካኪ ለብሼ ገበሬ አደራጅቻለሁ። የሚመለከተው አካል የሚባለውን ግን በዓይኔ አይቼው አላውቅም። ስወጣ ባላንጣዬ በር ላይ ቆሟል። «ምነው፣ ጠበቃዋ ሥራ አጣች?» አለኝ። ሰላም ብዬው አለፍኩ፤ ስድቡን ለፍርድ ቤት ቀን አስቀመጥኩት።

ይህን ስነግራት ትደነግጣለች ብዬ ነበር። «ይሄ የዝርዝሩ ችግር ነው እንጂ የትምህርቱ አይደለም» ብላ ስለዚህ አገር ትቆጥርልኝ ጀመር። የጎንደርና የስናር ነጋዴ ጥጡን፣ ቡናውን፣ ወርቁን፣ ባሪያውንም ሳይቀር ያሳለፈበት ገበያ እዚህ ነው። ከምዕራብ አፍሪካ ወደ መካ ሲጓዙ እዚሁ የቀሩት ተክሩሮች የኖሩት እዚህ ነው። ቋራ የቴዎድሮስ አገር ነው፤ አልጣሽ ፓርክ እስከ ሱዳን ወሰን ይዘረጋል። በ1933 ዓ.ም. ኅዳር ሳይደርስ እንግሊዞች ጋላባት ላይ ጣሊያንን የገጠሙት በእነዚህ ጉብታዎች ላይ ነው። «ይህን ሁሉ ለማወቅ አንድ ሙያ ይበቃል? ገበያውን ለማወቅ ዐረብኛውን፣ የጉሙዙን ወግ፣ የንግዱን፣ የዘፈኑን ማወቅ አይፈልግም?»

«ጎብኚውስ የታለ?» አልኳት።

እዚህ ላይ እሷም ዝም አለች። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ፣ ሱዳን ውስጥ ጦርነቱ ከተነሣ ወዲህ፣ በድንበሩ ድልድይ የሚመጣው ጎብኚ ሳይሆን ፍራሽ የተሸከመ ሰው ነው። የእኛም መንገድ አንድ ቀን ይከፈታል፣ አንድ ቀን ይዘጋል፤ ልጅቷ ራሷ ለዕረፍት ስትመጣ እናቷ ስልክ በእጇ እንደያዘች ነው የምታድረው። ቱሪዝም ያለ መንገድ ምን ሊሆን ነው? ቆይታ «የሚመጡትም ሰዎች ታሪክ አላቸው፤ የሚጽፍላቸው ይፈልጋሉ» አለችኝ። ገበያ ሄዳ እዚሁ በለመደቻት ዐረብኛ ከአንዲት ሻይ ከምታፈላ ሱዳናዊት ጋር ስታወራ ዋለች። የተከፈላት የለም። ሻዩንም ከፍላ ነው የመጣችው።

አሁን አራተኛ ዓመት ናት፤ የመውጫ ፈተናው ከፊቷ ነው፤ የመመረቂያ ጽሑፏን ጨርሳለች። ስለ መተማ ገበያ የቃል ታሪክ ነው። ኮፒውን አመጣችልኝ። እኔ መጽሐፍ ከኋላ ነው የምጀምረው፤ ከኋላው የመረጃ ሰጪዎች ሠንጠረዥ አለ። ስም፣ ዕድሜ፣ የተጠየቁበት ቦታ፣ አስተያየት። የእኔ አስተያየት ላይ «ስለ ሰሊጥ፣ ጥጥና ዕጣን ንግድ፣ ስለ ገበያ ዐረብኛ፣ ስለ ቤተ ክርስቲያን ዜማና ስለ እድገት በኅብረት ዘመቻ ሰፊ እውቀት ያላቸው» ይላል። ለራኩባው ሰዎች ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። አንዱ «አንተ ታዲያ ዲፓርትመንትህ የቱ ነው?» አለኝ፤ ሁሉም ሳቀ። ዕድሜዬንም ጨምራብኛለች።

ይህ ሁሉ ይሁን። ከስሜ በላይ ግን የማን ስም ያለ ይመስላችኋል? የባላንጣዬ! «በፊደል ተራ ነው አባባ» ትለኛለች። አስተያየቱ «ስለ ጥንታዊ የእርሻ ወሰኖች ጠንቅቀው የሚያውቁ» ይላል። ገጽ እየገለጥኩ ወደ ውስጥ ገባሁ። የእርሻዬ ወሰን፣ ሰውየው እንደፈለገው ተተርኮ፣ ከነግርጌ ማስታወሻው ታትሟል!

«ሁለቱንም ወገን ማዳመጥ ሜቶዶሎጂ ነው» አለችኝ።

«የእኔስ ወገን የታለ?»

«እርስዎ ስለ ወሰኑ ስጠይቅዎ ስለ ከርከዴ ንግድ ነበር ያወሩኝ።»

ከርከዴውም አልገባም፤ ፈልጌ አጣሁት። ሁለቱንም ለሁለተኛ ዲግሪው አስተካክላቸዋለሁ ብላኛለች። እንግዲህ ይህ ፎክሎር የሚሉት ነገር ምዝገባው መቼ እንደሆነ የምታውቁ ካላችሁ ንገሩኝ፤ ቶሎ ይጀመርልኝ፤ ሰውየው ጽሑፉን ኮፒ አድርጎ ወደ ፍርድ ቤት መንገድ ጀምሯል ይሉኛል።